የአሮጌ ዴስክቶፕ ማስነሻ ጊዜን ማሳጠር፦ የሥራ ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን

ኅዳር 6 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ማሽኑ የቤት ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ በፈረንጆች 2011 የወጣው ኮር አይ3-2100፣ 3.1 ጊጋኸርዝ፣ ባለ 2 ኮር። ራሙ 4 ጊጋ፣ ሁለት ፍሬ ባለ 2 ጊጋ። ሃርድ ዲስኩ ባለ 500 ጊጋ፣ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር። ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት ተጭኖበታል። ልጆች ይማሩበታል፤ የዕድሩ መዝገብና የሠፈሩ ማመልከቻም በፓወር ግዕዝ የሚጻፈው በዚሁ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን አልተፈለገም፤ ያለው እንዳለ ሆኖ ይፍጠን ነው የተባለው።

ምንም ሳይነካ መጀመሪያ ሰዓት ተያዘ። «ይዘገያል» ማለት ብቻውን አይጠቅምም፤ የት ላይ እንደሚዘገይ ካልታወቀ ገንዘብ የሚወጣው በግምት ነው። ጊዜውን በሦስት ከፈልነው። አንደኛው ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ የዊንዶውስ ነጠብጣቦች መዞር እስኪጀምሩ ያለው ሲሆን የባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ድርሻ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ጀምሮ የይለፍ ቃል መጻፊያው እስኪመጣ ነው። ሦስተኛው ይለፍ ቃሉ ከገባ በኋላ ታስክ ማናጀር (የዊንዶውስ የሥራ መቆጣጠሪያ) ላይ የዲስኩ ሥራ ከ100 በመቶ ወርዶ ከ10 በመቶ በታች እስኪረጋ ነው። ብዙ ሰው ዴስክቶፑ ብቅ ሲል ሰዓቱን ያቆማል፤ ሰው በእውነት የሚጠብቀው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ፋስት ስታርትአፕ ለመለኪያው ሲባል ጠፋ። እሱ በርቶ ሳለ ሻትዳውን ማድረግ ሙሉ መዝጋት አይደለም፤ ዊንዶውስ የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፣ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያነባል። ስለዚህ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ ይነሳና መለኪያውን ያዘባርቃል።

ሦስት ጊዜ ተለክቶ መካከለኛው ተወሰደ፦ ባዮስ 41 ሴኮንድ፣ እስከ ይለፍ ቃል 1 ደቂቃ ከ32፣ እስኪረጋ 3 ደቂቃ ከ48። ድምሩ 6 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ ነው።

በዚያው ምሽት የዲስኩ ጤና ታየ። ይህ ከሁሉ በፊት ይሁን፤ የታመመ ዲስክ ላይ ማስተካከያ መሞከር ፎቶ ያስበላል። የዲስክ ጤና የሚያሳየው ፕሮግራም ክሪስታልዲስክኢንፎ «ጥንቃቄ» ብሎ ቢጫ አሳየ። ማየት ያለብን ሦስት መስመሮች ናቸው። ቁጥር 5 ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ክፍሎችን (የዲስኩን ትንንሽ መጻፊያ ቦታዎች)፣ ቁጥር 197 ለመነበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ቁጥር 198 ጨርሶ ያልተነበቡትን ይቆጥራሉ። ፕሮግራሙ ሲጫን ቁጥሩን የሚያሳየው በ16 መሠረት ስለሆነ 197 ላይ የተጻፈው «18» በእኛ አቆጣጠር 24 ነው። ከምናሌው ወደ 10 መሠረት መቀየር ይቻላል።

ያ 24 ብዙ ነገር ይገልጻል። ዲስኩ አንድ ክፍል ማንበብ ሲያቅተው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ደጋግሞ ይሞክራል፣ እስከዚያ ዊንዶውስ ቆሞ ይጠብቃል። ዲስኩ ሲና ዲ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል፤ ዲ ላይ ያለው ፎቶና ሰነድ በሙሉ ያኔውኑ ወደ ውጭ ዲስክ ተገለበጠ። ሁለት የሠርግ ቪዲዮዎች መሃል ላይ ተንተባተቡ፤ በሦስተኛው ሙከራ ወጡ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ባዮስ ላይ 41 ሴኮንድ መቆየት ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚገናኘው ጥቂቱ ብቻ ነው። ማሽኑ በየጠዋቱ ሰዓቱ እንደጠፋበት ገልጾ ኤፍ1 እንዲጫኑለት ይጠይቃል፤ ቤተሰቡም ለምዶት ይጫናል። ይህ የማዘርቦርዱ ባትሪ ማለቁን የሚናገር ነው።

ባትሪው ሲአር2032 ይባላል፣ እንደ ሳንቲም ክብ ነው። ሶኬቱ ተነቀለ፣ ማብሪያው 10 ሴኮንድ ተይዞ የቀረ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ተደረገ። የባትሪው ማቀፊያ ጎን ላይ ቀጭን ምላስ አለች፤ በትንሽ ካቻቪቴ ወደ ውጭ ስትገፋ ባትሪው ራሱ ብድግ ይላል። ከላይ መጎልጎል ማቀፊያውን ይሰብራል። መልቲሜትሩ 2.31 ቮልት አነበበ፤ አዲሱ 3.2። የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ገባ።

ለምን እንዲህ ቶሎ ያልቃል? ማሽኑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ሰዓቱን የሚያስኬደው ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ተጠባባቂ 5 ቮልት ነው። እዚህ ቤት ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንዳያቃጥል ማታ ማታ ማከፋፈያው ከግድግዳ ይነቀላል። ጥሩ ልማድ ነው፣ አይቀየር። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰዓቱን የሚሸከመው ባትሪው ብቻ ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ባትሪውን ቀድሞ መለወጥ ይሻላል። ባትሪው ሲሞት ሰዓት ብቻ ሳይሆን የባዮስ ምርጫዎችም ከፋብሪካ ሲወጡ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ቀኑ ወደ ፈረንጆች 2011 ሲመለስ ደግሞ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደሉም» እያለ ይዘጋል፤ ሰው ኢንተርኔት የተበላሸ ይመስለዋል።

ከዚያ ወደ ባዮስ ተገባ። መግቢያው እንደ ማሽኑ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዴሊት ነው። ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ፎቶ ተነሳ። የማስነሻው ተራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦ አንደኛ ኔትወርክ፣ ሁለተኛ ፍሎፒ፣ ሦስተኛ ፍላሽ፣ አራተኛ ሃርድ ዲስክ። ማሽኑ በየጠዋቱ ከኔትወርክ ዊንዶውስ የሚልክለት ሰርቨር ይፈልጋል፣ መልስ አያገኝም፣ ሰዓቱ አልቆ ያልፋል። ፍሎፒውም ከማሽኑ ላይ የለም። ሃርድ ዲስኩ አንደኛ ሆነ፤ ኔትወርክና ፍሎፒ ጠፉ፤ ፍተሻው ወደ አጭሩ ተቀየረ። 41 የነበረው 14 ሆነ። ወጪው አንድ ባትሪ።

ሳጥኑ ተከፍቶ ሳለ አቧራው በቡሩሽ ተጠረገ። የፋኑ ምላጭ በጣት ይያዝ፤ በነፋሽ ሲሽከረከር እንዳይጎዳ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ቅባት እንደ ኖራ ደርቆ ስለነበር ተጠርጎ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ ተደረገ። «ብርድ አገር ነው፣ አይግልም» የሚለው ልክ አይደለም። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ዛሬ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ተራ ነው። ታስክ ማናጀር፣ ስታርትአፕ የሚለው ገጽ ላይ 14 ተገኙ። የአታሚው ረዳት (አታሚው ከተጣለ ቆይቷል)፣ ሦስት የተለያዩ «አዘምን» የሚሉ፣ ፊልም ማውረጃ፣ ቴሌግራም እና ሌሎችም። 11ዱ ጠፉ። ፓወር ግዕዝ ቀረ፤ በየቀኑ የሚያስፈልግን ነገር ሦስት ሴኮንድ ለማትረፍ ማጥፋት ሥራ ማክበድ ነው። የድምፅና የቪዲዮ ካርድ ረዳቶችም ቀሩ።

ትልቁ ግን ሌላ ነበር፦ ሁለት አንቲቫይረስ። አንዱ ፋይል ሲከፍት ሌላው እሱን ሊፈትሽ ይነሳል፤ ዲስኩ ሁለቴ ይለፋል። ጊዜው ያለፈበት ተነቅሎ ወጣና የዊንዶውስ የራሱ ዲፌንደር ብቻ ቀረ። ሦስተኛው ክፍል ከ3 ደቂቃ ከ48 ወደ 2 ከ35 ወረደ። ድምሩ አሁን 4 ደቂቃ ከ21 ነው።

የዊንዶውስን አነሳስ ስለሚያስተካክለው «ኤምኤስኮንፊግ» አንድ ነገር መባል አለበት። ቡት ከሚለው ገጽ ውስጥ የፕሮሰሰር ብዛት የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ «4 አድርገው፣ ይፈጥናል» እየተባለ በየቦታው ይነገራል። አይፈጥንም። ዊንዶውስ ያንን ሳይነኩትም ሁሉንም ኮር ይጠቀማል፤ ያ ቦታ ለመቀነስ የተሠራ ነው። ከጎኑ ያለው የራም ገደብ ደግሞ በስህተት ከተሞላ ማሽኑን ጭራሽ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል። ፕሪፌች የሚባለውን ፎልደር ማጽዳትም እንዲሁ ነው፤ ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሳት የያዘውን ማስታወሻ መደምሰስ ስለሆነ ቀጣዮቹ ጥቂት ማስነሻዎች ይብሳሉ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የቀረው መዘግየት የዲስኩ ነው፣ ሒሳቡም ቀላል ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሴኮንድ ይጨርሳል። የሚፈለገው ቦታ ከንባቡ ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ 4.2 ገደማ ይጠበቃል። ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ሌላ 9 ገደማ። ስለዚህ የተበታተነ ፋይል ሲነበብ በሴኮንድ 75 ንባብ አካባቢ ነው የሚችለው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየአቅጣጫው ይጠራል። ኤስኤስዲ፣ መረጃውን በቺፕ ላይ የሚይዘው ዲስክ፣ የሚዞርም የሚሄድም ነገር ስለሌለው ተራው ገበያ ላይ ያለው እንኳ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ያነባል። ዲፍራግ ማድረግ (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) ይህን ልዩነት አይሞላም።

ለሰሜን ሸዋ ሌላም ምክንያት አለ። የሃርድ ዲስኩ ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ከሚዞረው ሳህን ጋር በሚሄደው ቀጭን አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚያነበው። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ለዚህ ነው የአብዛኛው ሃርድ ዲስክ መግለጫ የሥራ ከፍታውን 3048 ሜትር ላይ የሚያቆመው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ናት፤ የመንዟ መሐል ሜዳ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከድንበሩ ላይ ናት። ወደ መንዝ ለሚሄድ ማሽን ኤስኤስዲ መግጠም ለፍጥነት ብቻ አይደለም።

የተገዛው ባለ 240 ጊጋ፣ 2.5 ኢንች፣ ሳታ በሚባለው የዲስክ ገመድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝ ዓይነት ነው። ዊንዶውስ 223 ብሎ ያሳየዋል፤ ጉድለት ሳይሆን የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ከሱቅ ሳይወጣ ከሌላ ማሽን ጋር ተገናኝቶ የሠራበት ሰዓት 0 ወይም 1 መሆኑ፣ በሳጥኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥርም ከዕቃው ጋር አንድ መሆኑ ይታይ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ከባዱ ቀን። አራት ሥራ በተራ።

መጀመሪያ የሳታ አሠራር። ባዮሱ «ኤቲኤ» በሚባለው አሮጌ አሠራር ላይ ነበር፤ «ኤኤችሲአይ» ላይ ሲሆን ኤስኤስዲው ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ማስተናገድ ይችላል። ግን ባዮሱ ላይ ዝም ብሎ ከተቀየረ ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ማስነሻ ዲስኬን አላገኘሁም ይላል፤ ለአዲሱ አሠራር የሚያስፈልገውን ድራይቨር (ዕቃውን የሚያናግርበትን ፕሮግራም) ገና አላነቃውምና። መንገዱ ይኸው፦ ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ ሴፍ ቡት (በጥቂቱ ብቻ መነሳት)፣ ሚኒማል ይመረጣል፤ ሪስታርት ተደርጎ በቀጥታ ባዮስ ይገባና ኤኤችሲአይ ይደረጋል፤ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ ድራይቨሩን ያነቃል፤ ከዚያ ሴፍ ቡት ይነሳና እንደገና ሪስታርት። የባትሪው ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ባትሪው ሞቶ ባዮሱ ወደ ኤቲኤ ቢመለስ ኖሮ አንድ ጠዋት ይኸው ሰማያዊ ገጽ ይጠብቀን ነበር።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ያለበት ሲ ኤስኤስዲው ላይ እንዲበቃ ማጥበብ። ዲ ከተገለበጠ በኋላ ክፍፍሉ ብቻ ተሰረዘ፤ ፋይሎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሲ 232 ጊጋ ሆኖ የተያዘው 71 ብቻ ነው፤ ሆኖም ዲስክ ማናጅመንት ከ9 ጊጋ በላይ አልቀንስም አለ። መሃል ላይ የማይነሱ ፋይሎች ተቀምጠዋል፦ የሃይበርኔሽኑ (ማሽኑ ሲተኛ ሁኔታውን የሚጽፍበት)፣ የፔጅ ፋይሉ (ራም ሲሞላ የሚረዳው)፣ የመልሶ ማቋቋሚያው። ሦስቱም ጠፍተው ሪስታርት ሲደረግ ወደ 150 ጊጋ ጠበበ።

ሦስተኛ ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲው መገልበጥ፣ ክሎንዚላ በሚባል የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም፣ ከፍላሽ ተነስቶ። እንደተለመደው ሲሠራ ኤስኤስዲው ከዋናው ዲስክ ያንሳል ብሎ ይቆማል። ኤክስፐርት ውስጥ «አይሲዲኤስ» የሚለው ምርጫ ይህን የመጠን ፍተሻ ያስቀረዋል፤ ክፍሎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው 240 ጊጋ ውስጥ ስላሉ ችግር የለውም። «ሬስኪዩ» የሚለውም አብሮ ተመረጠ፤ ያለ እሱ የመጀመሪያው የማይነበብ ክፍል ላይ ያቆማል። በታመመ ዲስክ ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ሙሉ ፍተሻ ማካሄድ አይመከርም፤ ያለውን ቶሎ አውጥቶ ፍተሻውን አዲሱ ላይ መሥራት ነው።

ማሽኑ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ግልበጣው 34 ደቂቃ ወሰደ። በላፕቶፕ እንሥራው፣ ባትሪ አለው ለሚል፦ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ነው፤ የራሱ ፓወር ያለው መቀየሪያ ካልተገኘ አይነሳም።

አራተኛ፣ ከመነሳቱ በፊት አሮጌው ዲስክ ተነቀለ። ይህ አይዘለል። ሁለቱ ዲስኮች መለያቸው ጭምር አንድ ስለሆነ አብረው ከተነሱ ዊንዶውስ አንዱን ያግዳል፣ ወይም ሳይታወቅ ከአሮጌው ይነሳና «ኤስኤስዲው ምንም አልጨመረም» ያሰኛል። ኤስኤስዲው ማዘርቦርዱ ላይ 6 ጊጋቢት ያለው ወደብ ላይ ተሰካ። ባለ 3 ጊጋቢት ብቻ ያለው ማሽንም አይዘን፤ ለማስነሻ ትንንሽ ንባብ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ተነሳ። የዲስክ ፍተሻ በ2 ደቂቃ አለቀ። የዊንዶውስን ፋይሎች የሚፈትሸው ትእዛዝ «ኤስኤፍሲ ስካንናው» የተበላሹ የዊንዶውስ ፋይሎች አግኝቶ መጠገኑን ገለጸ፤ ያ ከማይነበቡት ክፍሎች የመጣ ነው። ፔጅ ፋይሉና መልሶ ማቋቋሚያው ተመለሱ፤ ሲ ሰፋ፤ 20 ጊጋ ሳይከፈል ቀረ፤ ርካሽ ኤስኤስዲ ሲሞላ ስለሚንፏቀቅ መተንፈሻ ይሁነው።

ባዮስ 13፣ እስከ ይለፍ ቃል 16፣ እስኪረጋ 21። ድምሩ 50 ሴኮንድ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

በአሮጌው ራም ፋንታ ሁለት ፍሬ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራም ገባ። የዴስክቶፑ 240 እግር አለው፤ የላፕቶፑ 204 ስለሆነ አይገባም። 1600 የተጻፈበት ይሠራል፤ ይህ ፕሮሰሰር ግን በ1333 ነው የሚያስኬደው። አንደኛው መጀመሪያ አልታወቀም። የራሙ መገናኛ ጥርሶች ደብዝዘው ነበር፤ በነጭ ላጲስ ቀስ ተብሎ ታሸ፣ ብናኙ ተጠረገ፣ በአልኮል ተወለወለ፣ ሁለቱም መቆለፊያዎች «ቀጭ» እስኪሉ ተጫነ፣ ታወቀ።

ባዮስ 14፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 14፤ 43 ሴኮንድ። ራም ከማስነሻው ላይ ያተረፈው 7 ሴኮንድ ብቻ ነው። ጥቅሙ ከዚያ በኋላ፣ ብራውዘርና ወርድ አብረው ሲከፈቱ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ኤስኤስዲውን ያስቀድም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ወደ ኋላ ተመለሰ፦ አንድ ጠዋት 43፣ ሌላ ጠዋት 1 ደቂቃ ከ24። ወጥ ያልሆነ መዘግየት የሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን የግንኙነት ችግርም ሊሆን ይችላል። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ ችግሮችን የሚመዘግብበት)፣ ሲስተም ውስጥ ቁጥር 129 ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ተገኘ፤ ዊንዶውስ ዲስኩን ጠርቶ መልስ ሲያጣ ግንኙነቱን እንደ አዲስ አስጀምሯል ማለት ነው። የኤስኤስዲው የጤና ገጽ ላይ ቁጥር 199፣ በገመድ ላይ የተበላሸ መልእክትን የሚቆጥረው፣ ከ0 ወደ 37 ወጥቷል።

ጥፋቱ የሳታ ገመዱ ነው። ከዲቪዲው የተወሰደ አሮጌ ገመድ ነበር፤ ጫፉ ላይ የብረት መቆለፊያ የለውም፣ ሳጥኑ ሲዘጋም ክዳኑ ይገፋዋል። መቆለፊያ ባለው፣ 50 ሴንቲሜትር በሆነ አዲስ ተተካ፣ ሳይታጠፍ በጎን ዞረ። 37 ወደ 0 አይመለስም፤ መታየት ያለበት አለመጨመሩ ነው። ከ10 ማስነሻ በኋላም 37 ነው፣ ሰዓቱም 43 እና 44።

ፋስት ስታርትአፕ በመጨረሻ ተሞከረ፤ 36 ሴኮንድ ሰጠ። ቢሆንም ጠፍቶ ቀረ። እሱ ሲበራ ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላም ማሽኑ መጻፉን ይቀጥላል፤ እዚህ ቤት ደግሞ ስክሪኑ እንደጠቆረ ማከፋፈያው ይነቀላል። ለ7 ሴኮንድ ብሎ ዲስክ ላይ ያለን ጽሑፍ መሃል ላይ ማስቆረጥ አያዋጣም።

የቀረ ሥራ አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ይህ ፕሮሰሰርም ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። ለግል ተጠቃሚ የተፈቀደው ተጨማሪ የደህንነት እድሳት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ነው፤ ለዚያ 22ኤች2 የሚባለው እትም ያስፈልጋል፣ ማሽኑም እሱ ላይ ነው። ምዝገባው መስመሩ ጥሩ በሆነበት ቀን ይደረጋል። አሮጌው ዲስክ «የማይታመን» ተብሎ በማርከር ተጽፎበት መሳቢያ ውስጥ ገብቷል፤ ፎቶዎቹ በውጭው ዲስክ ላይ አንድ በአንድ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ምንም አይጻፍበትም።